ከሞተሩ በፊት ላሜራው፦ ማስል ካር፣ ያረጀ የቤት መኪና ወይስ የሚታደስ ፒክአፕ?

አሜሪካ ውስጥ መኪና የሚወድ ሰው እጁ ላይ ጥቂት ሺህ ዶላር ሲገባ ሐሳቡ ከሦስት ነገር አያልፍም። ባለ ቪ8 (ስምንት ሲሊንደር) ጉልበተኛ ማስል ካር ልግዛ? ደጅ የቆመችውን ያረጀች የቤት መኪና ጠግኜ ልቀጥል? ወይስ አሮጌ ፒክአፕ ገዝቼ ቅዳሜ ቅዳሜ እየፈታሁ ልገጣጥማት? ሦስቱም የሚያዋጡበትም የሚያከስሩበትም መንገድ አላቸው። ገዢዎች የሚሠሩት ስሕተት ግን በሦስቱም ላይ አንድ ነው፤ መጀመሪያ ኮፈን ያስከፍታሉ፣ ሞተር ያስነሣሉ፣ ድምፁን ሲሰሙ ልባቸው ይሸፍታል። ኮፈን መከፈት ያለበት በሦስተኛ ደረጃ ነው። መጀመሪያ ዝገቱ፣ ቀጥሎ ወረቀቱ፣ ከዚያ ሞተሩ።

ምክንያቱ ሂሳብ ነው። ባለ 350 ኪዩቢክ ኢንች የሼቭሮሌት ሞተር የፒስቶን ፋሻው ቢያልቅ፣ ቴስታታው ቢሰነጠቅ፣ መለዋወጫው በየመደብሩ አለ። ሙሉ ሞተር እንኳ ታድሶ በሣጥን ይመጣል፤ ሁለት ሰው በክሬን አንሥቶ በአንድ ቅዳሜና እሑድ ይቀይረዋል። የበሰበሰ ላሜራ ግን ይቆረጣል፣ ይለካል፣ ይበየዳል፣ ይሞረዳል፣ ክፍያውም በሰዓት ነው። ለ300 ዶላር ላሜራ የ3,000 ዶላር እጅ መክፈል የተለመደ ነገር ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች፣ ካልተጠቀሰ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማስል ካር፦ አሮጌውና አዲሱ

ማስል ካር በጥብቅ ትርጉሙ የ1960ዎቹ ፈጠራ ነው፤ ዋጋው ባልተጋነነ መካከለኛ መኪና ውስጥ ለትልልቆቹ የተሠራ ቪ8 መክተት። ጄነራል ሞተርስ በመካከለኛ መኪኖቹ ላይ ከ330 ኪዩቢክ ኢንች የሚበልጥ ሞተር እንዳይገጠም ለራሱ ደንብ ነበረው። የፖንቲያክ ሰዎች፣ ጆን ደሎሪያን አንዱ ነው፣ በ1964 ሞዴል 389 ኪዩቢክ ኢንቹን፣ ማለትም ወደ 6.4 ሊትር የሚጠጋውን ሞተር፣ ለቴምፔስት ለማንስ እንደ ተጨማሪ ምርጫ አድርገው በመሸጥ ደንቡን በጎን አለፉት። ጂቲኦ እንዲህ ተወለደች። ከዚያ ውድድሩ ጦፈ፤ በ1970 የሼቭሮሌት ሼቬል 454 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር 450 የፈረስ ጉልበት ተብሎ ተጻፈበት። ወዲያው ደግሞ የ1970ው የአየር ጥራት ሕግ፣ የኢንሹራንስ መናርና የ1973ቱ የነዳጅ ማዕቀብ ተከታትለው መጡና ዘመኑ አበቃ።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ቁጥር አለ። እስከ 1971 የሚጻፈው የፈረስ ጉልበት ሞተሩ ማቆሚያ ላይ ብቻውን ታስሮ፣ ያለ ማርሚታ፣ ያለ አየር ማጣሪያ የተለካ ነው። ከ1972 ሞዴል ጀምሮ ግን መኪናው ላይ እንደሚገጠመው ሆኖ ነው የሚለካው። ስለዚህ የ1970ዋ ሼቬል 450 እና የ2015ቷ ሙስታንግ ጂቲ 435 በአንድ ሚዛን የተመዘኑ አይደሉም፤ በተግባር አዲሷ ትበልጣለች። ፍጥነት የሚፈልግ ሰው አሮጌ መግዛት የለበትም። አሮጌ የሚገዛው መልኩን፣ ድምፁን፣ የቤንዚን ሽታውንና የእጅ ሥራውን የሚወድ ነው።

አሮጌ ሲገዛ ስሟን ብቻ አምኖ መክፈል የመጀመሪያው ወጥመድ ነው። ከ1966 እስከ 1971 የተሠራች እውነተኛ ጂቲኦ የሻንሲ ቁጥሯ በ242 ይጀምራል፤ በ237 የምትጀምር ከሆነ ለማንስ ናት፣ አርማው የተለጠፈ ነው። በካማሮ ከ1967 እስከ 1969 ባሉት ላይ ቁጥሩ የሚነግረን ስድስት ሲሊንደር (123) ወይም ቪ8 (124) መሆኗን ብቻ ነው፤ "ኤስኤስ" የሚባለው ጉልበተኛው ዓይነት መሆኗን አይናገርም። ስለዚህ ለኤስኤስ ስም ተጨማሪ ብዙ ሺህ ዶላር የሚጠይቅ ሻጭ የፋብሪካ ወረቀት ካላሳየ ዋጋው የተራ ካማሮ ዋጋ ነው።

ዝገቱን ለማየት የ1965-68 ሙስታንግን ምሳሌ እንውሰድ። ይቺ መኪና ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም፤ አካሏ ራሱ ሻንሲዋ ነው። ከፊት መስታወቱ ሥር፣ የዝናብ መጥረጊያዎቹ ባሉበት፣ አየር ወደ ውስጥ የሚያስገባ ድርብ ላሜራ አለ። ቅጠል ይገባበታል፣ እርጥበት ይይዛል፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበሰብሳል። ከላይ በአዲስ ቀለም ታበራለች፤ በዝናብ ቀን ግን የሾፌሩ እግር ይርሳል። ፈተናው ርካሽ ነው። አንድ ሊትር ውኃ ይያዙ፤ ከመስታወቱ ሥር ባሉት ቀዳዳዎች በግራም በቀኝም ቀስ ብለው ያፍስሱ፤ ከዚያ በባትሪ ብርሃን ከዳሽቦርዱ ሥር ይመልከቱ። ጤነኛ ከሆነች ውኃው ከፊት ጎማዎቹ ኋላ በጎን በኩል ወደ መሬት ይወርዳል። ምንጣፍ ላይ ከተንጠባጠበ ያንን ላሜራ ለማውጣት መስታወቱና ፓራፋንጎዎቹ ተነቅለው በርካታ የብየዳ ነጥቦች አንድ በአንድ መሰርሰር አለባቸው። ሻጩ ውኃ ማፍሰስ ከከለከለ መልሱን ሰጥቷል።

ቀጥሎ ማግኔት። ቀለም እንዳይጭር በጨርቅ ጠቅልሎ ከበሮቹ ሥር፣ ከኋላ ጎማ ቅስት በላይ፣ ከኋላ መስታወት ጥግ ማስኬድ ነው። ማግኔቱ የማይይዝበት ቦታ ከሥሩ ወፍራም ስቱኮ አለ ማለት ነው። ስቱኮ በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ባትላሜራ ሁሉ ይጠቀምበታል። ቀዳዳ መሙያ ሲሆን ነው ጣጣው።

አንድ ነገር ደግሞ ከሞት ጋር የተያያዘ ስለሆነ በቸልታ አይታለፍም። ከ1967 በፊት የነበሩት አብዛኞቹ የአሜሪካ መኪኖች የፍሬን ማስተራቸው ባለ አንድ ክፍል ነው። አንድ ቱቦ ከፈነዳ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። ኮፈን ተከፍቶ የፍሬን ዘይት መያዣው አንድ ክዳንና አንድ ክፍል ብቻ ካለው፣ መኪናዋ መንገድ ከመውጣቷ በፊት ወደ ባለ ሁለት ክፍል መቀየር አለባት። ክሮም ጎማ ቆይቶ ይደርሳል።

አዲሶቹ ሌላ ዓለም ናቸው። የ2011-14 ሙስታንግ ጂቲ ባለ 5.0 ሊትር ሞተር 412፣ ከ2013 ጀምሮ 420 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ከአዲሶቹ ውስጥ ምርጫችን እሱ ነው። በ2010-15 ካማሮ ኤስኤስ ማኑዋሏና አውቶማቲኳ አንድ ሞተር ያላቸው ይመስላሉ፤ አውቶማቲኳ ግን በቀላል ጉዞ አራቱን ሲሊንደር የሚያጠፋ ዘዴ አላት፤ ያ ዘዴ የሚሠራባቸው ልዩ ሊፍተሮች (ቫልቮቹን የሚገፉት ክፍሎች) ደግሞ ሲያረጁ ተጣብቀው፣ እነሱን የሚያንቀሳቅሰውን ካምሻፍት ይበላሉ። ማኑዋሏ ይህ የለባትም። ዶጅ ቻርጀርና ቻሌንጀር ላይ ያለው 5.7 ሄሚ "ቲክ ቲክ" የሚል ድምፅ የታወቀ ነው፤ ድምፁ ግን ሁለት የተለያየ ምንጭ አለው። ሲቀዘቅዝ ጮኾ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጭስ ማስወጫው ሞተሩ ላይ የሚታሰርበት ብሎን ተሰብሮ ነው፤ ብረቱ ሲግል ተለጥጦ ክፍተቱን ይዘጋዋል። ሞቆም የማይጠፋ ከሆነ ሊፍተርና ካምሻፍት ሊሆን ይችላል፤ ያ ጥገና በሺዎች ነው። ስለዚህ ሻጩ ከመምጣታችሁ በፊት ሞተሩን እንዳያስነሣ ይነገረው፤ ደርሳችሁ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ ስታደርጉ ሞቆ ካገኛችሁት አንድ ነገር ሊደበቅ ተፈልጓል ማለት ነው።

ኢንሹራንስ ላይ፣ ለአሮጌዋ ከኩባንያው ጋር አስቀድሞ የተስማሙበት ዋጋ የሚጻፍበትን ውል መጠየቅ ይገባል። በተራ ውል ብትጋጭ የሚታሰበው የገበያ ዋጋዋ ሲሆን፣ የ55 ዓመት መኪና የገበያ ዋጋዋ በመጨረሻ የሚወሰነው በክርክር ነው።

ያረጀችው የቤት መኪና

"ጥገናዋ ከዋጋዋ በለጠ" ብሎ መኪና መሸጥ ትክክል የሚመስል የተሳሳተ ሂሳብ ነው። መኪናዋ 4,000 ዶላር ታወጣለች፣ ጥገናው 2,500 ነው እንበል። የሚያዋጣው ጥያቄ "2,500 ዶላር ጨምሬ በ6,500 ከዚች የተሻለ ታሪኳን የማውቃት መኪና አገኛለሁ ወይ?" የሚለው ነው። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ አላገኝም ነው። በ6,500 የሚገዛው የሌላ ሰው ያልታወቀ ችግር ነው።

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ብዙ ሐበሻ ደጅ የምትገኘውን የ2007-09 ባለ አራት ሲሊንደር፣ 2.4 ሊትር ካምሪ እንመልከት። ይህ ሞተር ዘይት ይበላል። ምክንያቱ ፋሻው ነው፦ ከሦስቱ ፋሻዎች የታችኛው ሥራው ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ዘይት ጠርጎ በፒስቶኑ ቀዳዳዎች ወደ ታች መመለስ ነው። ቀዳዳዎቹ ጠባብ በመሆናቸው በካርቦን ይደፈናሉ፤ ዘይቱ መመለሻ ሲያጣ ላይ ቀርቶ ይቃጠላል። ቶዮታ ራሱ ችግሩን አምኖ ዋስትናውን ለተወሰነ ጊዜ አራዝሞ ነበር፤ መለኪያው በ1,200 ማይል ከ1 ኳርት (አንድ ሊትር ገደማ) በላይ መብላት ነበር። ያ ጊዜ አልፏል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ፒስቶንና ፋሻ ማስቀየር ብዙ ጊዜ ከመኪናዋ ዋጋ ጋር ይተካከላል። በሌላ በኩል በ1,200 ማይል 1 ኳርት የምትበላ መኪና፣ በዓመት 12,000 ማይል ብትነዳ፣ በዓመት 10 ኳርት ትፈልጋለች፤ ይህ ከ50 እስከ 70 ዶላር ነው። ሞተሩን የሚገድለው መብላቱ ሳይሆን ያልታየው ነው። የዘይት መብራት የሚበራው ግፊት ሲወርድ ነው፤ ዘይቱ ሲጎድል አይደለም። መብራቱ ከታየ ኩሽኔቶቹ ደርቀው መዞር ጀምረዋል። ስለዚህ ነዳጅ በየሁለት ጊዜው ሲቀዳ፣ ሞተሩ ጠፍቶ አምስት ደቂቃ ቆይቶ፣ ደልዳላ ቦታ ላይ መለኪያ ዘንጉን ማየት ነው። በመለኪያው ዝቅተኛና ከፍተኛ ምልክት መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ወደ 1 ኳርት ይጠጋል። ግማሽ ሲደርስ ግማሽ ኳርት ይጨመራል፣ አለቀ። መቆም ያለባት መቼ ነው? በ500 ማይል 1 ኳርት መብላት ስትጀምር። ያን ጊዜ ካንዴላ ታበላሻለች፤ የተቃጠለው ዘይትም የጭስ ማጣሪያውን እየለበጠ ፒ0420 የሚለውን የብልሽት ኮድ ያመጣል፤ ያ ኮድ ባለበት የጭስ ምርመራ አይታለፍም።

ሁለተኛው ምሳሌ የሆንዳ ቪ6 ነው፤ አኮርድ፣ ኦዲሲ፣ ፓይለት። ይህ ሞተር ካቴና የለውም፣ ቺንጋ ነው ያለው። በ105,000 ማይል ወይም በ7 ዓመት መቀየር አለበት፤ ሰው ማይሉን ብቻ ይቆጥርና ዓመቱን ይረሳል። ቺንጋው ሲበጠስ ፒስቶኑ ወጥቶ የተከፈተውን ቫልቭ ይመታዋል፤ ቫልቮቹ ይጣመማሉ፣ ቴስታታ ይወርዳል። ሲቀየር ቺንጋው ብቻ አይቀየርም፤ ወጣሪው፣ የሚንከባለልባቸው ፑሊዎችና የውኃ ፖምፓው አብረው ይለወጣሉ። ፖምፓው የሚዞረው በዚያው ቺንጋ ነው፤ ቆይቶ ቢያፈስ ያንኑ የእጅ ዋጋ እንደገና መክፈል ነው። አሮጌ ሆንዳ የሚገዛ ሰው "ቺንጋው ተቀይሯል" የሚል ቃል ሳይሆን ቀንና ማይል የተጻፈበት ደረሰኝ ይጠይቅ። ከሌለ ዋጋው ላይ ይቀነስ።

የካምቢዮ ዘይት "ዕድሜ ልክ ነው" መባሉን ያመነ ብዙ ሰው ካምቢዮ ቀብሯል። በአሮጌ መኪና ላይ የሚመከረው በማሽን ገፍቶ ማጠብ ሳይሆን ታፑን ፈትቶ የወረደውን ያህል መመለስ ነው። በብዛት ከ3 እስከ 4 ኳርት ይወርዳል። የወረደውን በምልክት ባለው ዕቃ መለካትና ያንኑ ያህል፣ ፋብሪካው ያዘዘውን ዓይነት ብቻ፣ መጨመር ነው። ግማሹ አሮጌ ስለሚቀር ከጥቂት ሺህ ማይል በኋላ ይደገማል።

ያገለገለች የቤት መኪና የሚገዛ ሰው የ20 ዶላር ኮድ ማንበቢያ ይዞ ይሂድ። ከ1996 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የተሸጠ መኪና ሁሉ ከዳሽቦርዱ ሥር አንድ ዓይነት መሰኪያ አለው። ኮድ አለመኖሩ ብቻ አያስደስት። "ዝግጁ" እና "ዝግጁ ያልሆነ" የሚሉትን የራስ ፍተሻ ዝርዝሮች ይክፈቱ፤ ብዙዎቹ ዝግጁ ካልሆኑ ኮዱ ጠዋት ተሰርዞ ወይም ባትሪ ተፈትቶ ነው። እንዲህ ያለችውን መኪና ከሳምንት በኋላ ማየት ይሻላል።

የሚታደስ ፒክአፕ

ፒክአፕ ለጀማሪ ከማስል ካር ይሻላል። ሻንሲዋ ለብቻው ነው፣ ካቢኑና ጭነት ሣጥኑ በብሎን ይፈታሉ፣ ኮፈኑ ሥር ሰው ቆሞ የሚሠራበት ቦታ አለ። በተለይ ሦስት መነሻዎች ይጠቀሳሉ። የ1973-87 ሼቭሮሌት፣ "ስኩዌር ቦዲ" የሚሏት፤ ላሜራዋና መለዋወጫዋ እንደ ዳቦ ይገኛል፣ የምትዝገው ካቢኗ ጥግና ከበሩ ሥር ነው። ፎርድ ኤፍ-150 ባለ 300 ኪዩቢክ ኢንች ስድስት ሲሊንደር፣ እስከ 1996 የተሠራው፤ ታይሚንጉ ካቴናም ቺንጋም የለውም፣ በጥርስ ማርሽ ነው የሚዞረው፣ ዘገምተኛ ግን አይሞትም። ሦስተኛዋ አዲስ አበባ ላይ ሃይሉክስ የምንላት፣ አሜሪካ ውስጥ ግን እስከ 1995 ድረስ ስሟ ዝም ብሎ "ቶዮታ ፒክአፕ" የነበረው ናት።

የቶዮታዋ 22አር-ኢ ሞተር፣ 2.4 ሊትር፣ ስመ ጥር ነው፤ አንድ ደካማ ጎን ግን አለው። ታይሚንግ ካቴናው የሚንሸራተትበት መሪ ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲኩ በዕድሜ ይሰበራል፤ በተለይ በሾፌሩ በኩል ያለው። ካቴናው ላልቶ የፊት ክዳኑን ከውስጥ ይሞርደዋል፤ ከክዳኑ ጀርባ ያለው ደግሞ የራዲያተር ውኃ መሄጃ ነው። ግድግዳው ሲበሳ ውኃ ዘይት ውስጥ ይገባል፣ ኩሽኔቶቹ ያልቃሉ። ምልክቱ ጠዋት ሲነሣ ለጥቂት ሰከንድ ከፊት የሚሰማ የካቴና መንኳኳት ነው፤ የዘይት ክዳኑ ሥር ወተት የመሰለ ነገር ከታየ ዘግይቷል። የቫልቭ ክዳኑን ከፍቶ በባትሪ ብርሃን ወደ ታች ማየት ይቻላል፤ የፕላስቲኩ ጫፍ ቦታው ላይ ከሌለ ቁራጩ ታች ዘይት መያዣው ውስጥ ነው።

ሲቀየር መሪዎቹ ጀርባቸው ብረት የሆኑት ይመረጡ። ከካቴናው ጋር ሁለቱ ጥርሳቸው፣ ወጣሪው፣ ጓርኒሲዮኖቹና የኮሎው (የክራንክሻፍቱ) የፊት ጎሚኒ አብረው ይገባሉ፤ ክዳኑ በጥልቀት ከተሞረደ እሱም አዲስ ይሆናል። ብዙ ሰው የሚሰብረው ይህን ክዳን ሲያወጣ ነው። ሁሉንም ብሎን ፈትቶ ሲያበቃ አልወጣም ይለዋል፤ ይመታዋል፣ ይሰነጥቀዋል። አንድ ብሎን ቀርቶ ነው፦ ቴስታታው ላይ፣ ከፊት ጫፍ፣ ዲስትሪቢዩተሩን የሚያዞረው ጥርስ ሥር፣ ዘይት በተጠራቀመበት ጉድጓድ ውስጥ ተደብቆ ይገኛል። ዘይቱን በጨርቅ ማድረቅና መፍታት ነው።

ያም ሆኖ ቶዮታን የሚገድላት ሻንሲዋ ነው፤ በረዶ ላይ ጨው በሚበተንባቸው ግዛቶች የኖረች ከሆነ ደግሞ ይብስባታል። ለ2005-10 ታኮማ፣ ለ2007-08 ተንድራና ለ2005-08 ሴኮያ ኩባንያው በ2016 በፍርድ ቤት ስምምነት ሻንሲ ለመመርመርና ለመቀየር እስከመስማማት ደርሶ ነበር። ዛሬ እነዚህን የሚገዛ ሰው "ሻንሲዋ ተቀይሯል?" ብሎ ይጠይቅ፤ የተቀየረላት ዋጋዋ ቢጨምር ተገቢ ነው። ምርመራው በመዶሻና በካቻቢቴ ነው። መኪናዋ በክሪክ ብቻ ሳይሆን በማቆሚያ ላይ ተደግፋ፣ ከኋላ ባሌስትራው የሚታሰርበትን ቦታ ከፊትም ከኋላም፣ ከስኮርታ ጎማው በላይ ያለውን ተሻጋሪ ብረት፣ የሻንሲውን የውስጥ ጎን መታ መታ ማድረግ ነው። ጤነኛ ብረት ይጮኻል፤ የበሰበሰ ካርቶን እንደመቱ ነው። ካቻቢቴ ከገባ ጨዋታው አልቋል። ሥሯ ሁሉ ትናንት የተቀባ ጥቁር ቀለም ከሆነ በእጥፍ ይጠርጠር።

ዓመታት የቆመን ሞተር ማስነሣት

"ሲቆም ደኅና ነበር" ተብሎ የተሸጠን ፒክአፕ በአዲስ ባትሪ ወዲያው ማስነሣት ሞተር የሚገደልበት አጭር መንገድ ነው። ፋሻው ሲሊንደሩ ላይ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል፤ ሞተሪኖው በጉልበት ሲያዞረው ይሰበራል። ካንዴላዎቹን ሁሉ ያውጡ። በየሲሊንደሩ 15 ሚሊ ሊትር ያህል፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ቀጭን ዘይት ይጨምሩና ቢያንስ አንድ ቀን ይተዉት። ከዚያ ኮሎው ጫፍ ላይ ባለው ብሎን በረጅም ቁልፍ፣ በእጅ፣ ወደ መደበኛ አዟዟሩ ሁለት ሙሉ ዙር ያዙሩት። ከተያዘ አያስገድዱት፤ ዘይት ጨምሮ ሌላ ሦስት ቀን። በነፃነት ከዞረ የሞተር ዘይቱን ቀይረው፣ ካንዴላ ሳይገጠም፣ የዘይት ግፊት እስኪያሳይ በሞተሪኖ ያሽከርክሩ።

ሰልባትዮ ውስጥ ያለው ቤንዚን ከዓመት በላይ ከሆነው አይነካ። ለመጀመሪያው ማስነሻ ቤንዚን ከትንሽ ጀሪካን በጊዜያዊ ቱቦ ይምጣ። የጎማ ቱቦዎቹ በሙሉ ይቀየሩ፤ የዛሬው ቤንዚን 10 በመቶ ኤታኖል ስላለበት አሮጌ ጎማን ያሟሟል። ለካርቡራተር ኤስኤኢ 30አር7፣ ለኢንጀክሽን ግፊቱ ከፍ ስለሚል 30አር9 የተጻፈበት ይገዛ። የሁለቱ የዋጋ ልዩነት ትንሽ ነው፣ ውጤቱ ግን እሳት ነው።

ሞተሩ ተነሥቶ ሲሞቅ ያኔ ኮምፕሬሽን ይለካ። ሁሉም ካንዴላ ይወጣል፣ ነዳጁና ማቀጣጠያው ይቋረጣል፣ ቤንዚን መርገጫው እስከ መጨረሻው ተረግጦ በየሲሊንደሩ አምስት ጊዜ ያህል ይገፋል፤ ባትሪው የተሞላ ይሁን። ፍጹም ቁጥሩ ሳይሆን ልዩነቱ ነው የሚያሳስበው፤ ዝቅተኛው ከከፍተኛው 75 በመቶ በታች መውረድ የለበትም። አንዱ ካነሰ በዚያ ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ መድገም። ቁጥሩ ከወጣ ፋሻው ነው፤ ካልወጣ ቫልቩ ነው፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ በመካከላቸው ያለው የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል።

ሞተሩ ታድሶ አዲስ ካምሻፍት ከገባበት፣ አሮጌው ዓይነት ጠፍጣፋ ሊፍተር ያለው ከሆነ፣ የዛሬ ተራ ዘይት አይበቃውም፤ ዚንክና ፎስፈረሱ ለጭስ ማጣሪያ ሲባል ተቀንሷል። ዚንክ ያለበት የመለማመጃ ዘይት ይደረግና ከተነሣበት ቅጽበት ጀምሮ 20 ደቂቃ ያህል በደቂቃ ከ2,000 እስከ 2,500 ዙር ይያዝ። ቀስ ብሎ እንዲሞቅ ብሎ በዝቅተኛ ዙር መተው፣ ደግነት ቢመስልም፣ ካሙን በመጀመሪያው ቀን ይበላዋል።

ወረቀቱ

ሊብሬ የሌላት መኪና አዲስ አበባ ላይ ምን እንደሆነች ሁሉም ያውቃል፤ አሜሪካ ውስጥ ታይትል የሌላት ፒክአፕም ያው ናት። "ጠፍቶብኛል፣ በቀላሉ ይወጣል" የሚል ሻጭ በቀላሉ ከሆነ ራሱ አውጥቶ ይሽጣት። ታይትሉ ላይ "ሳልቬጅ" (ከጥቅም ውጭ ተብላ የነበረች) ወይም "ሪቢልት" (ከዚያ ተጠግና የተመለሰች) መጻፉን፣ የባንክ ዕዳ መኖሩን፣ ቁጥሩ ከዳሽቦርዱ ላይ ካለው የሻንሲ ቁጥር ጋር መመሳሰሉን አይቶ ነው ገንዘብ የሚወጣው። ማይልን በተመለከተ፣ በፌደራል ደንብ 2010 እና ከዚያ በፊት የተሠሩ መኪኖች ሲሸጡ ማይላቸውን በሕጋዊ መግለጫ ማረጋገጥ አይገደዱም፤ በአሮጌ መኪና ላይ "80,000 ብቻ" የሚለው ቁጥር ከመርገጫው ጎማና ከወንበሩ ማለቅ ጋር ይመዘን።

ቨርጂኒያ በየዓመቱ፣ ሜሪላንድ ደግሞ ያገለገለ መኪና ባለቤትነት ሲዛወር የደኅንነት ምርመራ ይጠይቃሉ፤ የበሰበሰ ሻንሲ እዚያ ይወድቃል። ቨርጂኒያ 25 ዓመት ለሞላው ርካሽ የቅርስ ታርጋ ትሰጣለች፤ ግን ለዕለት ሥራ መሄጃ አይሆንም፣ ለመዝናኛ ጉዞም ከቤት 250 ማይል ወሰን አለው። አድሶ ወደ ኢትዮጵያ መላክን የሚያስብም አለ፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ማስገባት ስለተከለከለ ሐሳቡ እዚያው ይቁም።

የትኛው?

መኪና ማቆሚያው አንድ ብቻ ከሆነና ሰኞ ጠዋት ሥራ የሚያደርሰው ሌላ ነገር ከሌለ፣ ፒክአፑም አሮጌዋ ማስል ካርም ከዝርዝሩ ይወጣሉ። ያረጀችው ካምሪ ትቀጥላለች፤ የተረፈው ገንዘብ ለጎማና ለፍሬን ይዋል። ጎማው ጥርሱ ቢኖርም በጎኑ ያሉት የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች ይታዩ፤ 2316 ማለት በ2016 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፣ ጊዜው አልፎበታል። አንድ መኪና ብቻ ይዞ ደስታም የሚፈልግ ደግሞ አዲሱን ዓይነት ሙስታንግ ይግዛ፤ በክረምት ጎማ እየቀየረ ዓመቱን ሙሉ ይነዳታል።

ሁለተኛ ማቆሚያ፣ መብራትና ጣሪያ ያለው ግን ፒክአፕ ይጀምር። ቅደም ተከተሉ ፍሬን፣ መሪና ቴስቲና፣ የነዳጅ መሥመር፣ ማቀዝቀዣ፣ ከዚያ ሞተር፣ ከዚያ ላሜራ፤ ቀለምና ወንበር መጨረሻ። በአንድ ጊዜ አንድ ክፍል ብቻ ይፈታ፤ ብሎኖቹ ስማቸው በተጻፈበት ከረጢት ይግቡ፣ ከመፈታቱ በፊት ፎቶ ይነሣ። የተበታተነች ፒክአፕ በጎማዋ ከቆመችው በብዙ ያነሰ ዋጋ ነው የምታወጣው፤ ገዢው የጠፋውን ብሎን ሁሉ አስቦ ነው የሚከፍለው። ስለዚህ ፍሬኗ ተሠርቶ በራሷ ሞተር ከግቢ ወጥታ እስክትመለስ ድረስ ጭነት ሣጥኗን ማንም አያውርደው።